«ዳር ዳሩ የሚደምቅ፣ ሴግመንት 6»፦ የጉበት ሊዥንን ቦታና ገጽታ ለጀማሪ ሐኪሞች ስለማስተማር የቀረበ የጉዳይ ጥናት

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ የያዘ የሲቲ ስካን ሪፖርት ነው። ሪፖርቱን ያዘጋጀው የሁለተኛ ዓመት የራዲዮሎጂ ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ሲሆን አይቼ የፈረምኩበት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነበበው ስሕተት የአንድ ተማሪ ስሕተት ተደርጎ እንዳይወሰድ ከወዲሁ አሳስባለሁ። የታካሚውን ማንነት ሊጠቁም የሚችል ዝርዝር ሁሉ እንዲወጣ ተደርጓል።

ታካሚው በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለና ከሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጋር ለብዙ ዓመታት የኖረ ሰው ነበር። ወደ ሲቲ ክፍል የተላከው ግን ለጉበቱ ሳይሆን ለሳምንታት ላልለቀቀው የሆድ ሕመም ነበር፤ በመሆኑም የተነሣው ምስል አንድ ምዕራፍ ብቻ፣ ማለትም ኮንትራስት (በደም ሥር ተሰጥቶ ምስሉን የሚያደምቅ መድኃኒት) ከተሰጠ ከ70 ሰከንድ ገደማ በኋላ የሚነሣው የፖርታል ደም መልስ፣ ማለትም ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያመጣው ሥር፣ ምዕራፍ ብቻ ነበር። («ፌዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ወስደው የሚናገሩ ባልደረቦች አሉኝ፤ ቃሉ በአማርኛ ጆሮ የሚሰጠው ትርጉም ሌላ ስለሆነ እኔ «ምዕራፍ» ማለትን እመርጣለሁ።) ሪፖርቱ ስለ ጉበቱ የሚለው እንዲህ ነበር፦ «በቀኙ የጉበት ክንፍ፣ ሴግመንት 6 ላይ፣ 2.3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዳር ዳሩ የሚደምቅ ሊዥን ይታያል። ሄማንጂዮማ ሊሆን ስለሚችል በአልትራሳውንድ ይረጋገጥ።» (ሊዥን ከጤናማው የተለየ ሆኖ የሚታይ ቦታ ወይም እባጭ ነው፤ ሴግመንት በቁጥር የሚጠራ የጉበት ክፍል ነው፤ ሄማንጂዮማ ደግሞ ካንሰር ያልሆነ የደም ሥር እባጭ ነው።)

አልትራሳውንዱ በቀጠሮ ተሠራ። የሠራው ሐኪም የተጻፈለትን አምኖ ሴግመንት 6ን በሚገባ ፈትሾ «በተጠቀሰው ቦታ ላይ ሊዥን አልታየም» ሲል ጻፈ፤ እርሱ የጻፈው ነገር እስከ መጨረሻው እውነት ነበር። ወረቀቱ ወደ ተመላላሽ ክፍል ሲመለስ ነገሩ እዚያው ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያላስዘጋው የውስጥ ደዌ ባልደረባችን ነው፤ በቀጠሮው ቀን የታካሚውን ካርድ ወደ ኋላ ሲገልጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚለውን አንብቦ ስልክ ደወለልኝ። «ሲቲው አለ ይላል፣ አልትራሳውንዱ የለም ይላል፤ የቱን ልመን ታዲያ?» አለኝ። ምስሉን በስልክ ላይ እያለን ከፈትኩት። ሊዥኑ አልጠፋም፤ ያለው ግን ሴግመንት 6 ላይ ሳይሆን ከድያፍራሙ (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) ሥር፣ ሴግመንት 7 ላይ ነበር።

አንባቢ ከዘርፉ ውጭ ከሆነ የቁጥሩን ነገር በአጭሩ ላስረዳ። ጉበት ከውጭ ሲታይ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ግልጽ ድንበር የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀኝና ግራ ብሎ የሚከፍለው ከፊት የሚታየው ጅማት ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ጄምስ ካንትሊ እ.ኤ.አ. በ1897 እውነተኛው ድንበር ከሐሞት ከረጢቱ ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ታችኛው ቬና ካቫ (ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደምን ወደ ልብ ወደሚመልሰው ትልቅ ሥር) የሚሄድ የማይታይ መስመር መሆኑን አመለከተ። ፈረንሳዊው ክሎድ ኩይኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ሥራ ጉበቱን የራሳቸው የደም መግቢያና የሐሞት መውጫ ባላቸው ስምንት ሴግመንቶች ከፈለው። ሦስቱ የጉበት ደም መልሶች ጉበቱን ከላይ ወደ ታች እንደ ግድግዳ ይከፍሉታል፤ ፖርታል ደም መልስ ቀኝና ግራ ሆኖ የሚከፈልበት ከፍታ ደግሞ እንደ ወለል ሆኖ የላይኛውን ከታችኛው ይለያል። ከቀኙ የጉበት ደም መልስ በስተኋላ ያሉት ሁለቱ 6 እና 7 ናቸው፤ 7 ከላይ፣ 6 ከታች። ከእርሱ ፊት ለፊት 8 ከላይ፣ 5 ከታች ይቀመጣሉ። ሌላው ሁሉ በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል፤ ለብቻው የሚቆመው ደሙን በቀጥታ ወደ ቬና ካቫ የሚያፈሰው ሴግመንት 1 ነው።

ይህን ሬዚደንቱ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። ቁጥሮቹን በቃሉ ይጠራቸዋል፤ በነጭ ሰሌዳ ላይም አሳምሮ ይሥላቸዋል። ታዲያ እንዴት ተሳሳተ? ቢሮዬ ጠርቼ ስጠይቀው ያለማመንታት መለሰልኝ። «ኩላሊቱ ስለታየኝ ነው፣ ዶክተር። ሴግመንት 6 የኩላሊት ጎረቤት ነው፣ 7 የድያፍራም ጎረቤት ነው ብለው አስተምረውን ነበር» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ብዬ ነበር። በዚያ ታካሚ ላይ ግን ቀኙ ኩላሊት ከተለመደው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ጫፉ ከሊዥኑ ጋር በአንድ ቁራጭ ምስል ላይ ታየ። ምስሎቹ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበራቸው፤ ከሊዥኑ መካከል ተነሥተን የፖርታሉ መከፈያ እስኪገኝ ድረስ አንድ በአንድ ወደ ታች ስንወርድ ስድስት ምስል ቆጠርን። ይህም ማለት ሊዥኑ ከወለሉ በላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። በዚያው ምስል ላይ ቀኙ የጉበት ደም መልስ ወፍራም ሆኖ፣ ሊዥኑም ከበስተኋላው ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሬዚደንቱ ደም መልሱን አይቶታል፣ ነገር ግን አልጠየቀውም።

በዚህ ላይ ቆም ማለት አስፈላጊ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጀማሪ ሐኪም የጉበትን ሊዥን ቦታ የሚስተው ካለማወቅ ይልቅ አቋራጭ ከመያዝ የተነሣ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ። «ኩላሊት ከታየ 6 ነው» የሚለው አቋራጭ በአብዛኛው ስለሚሠራ ማንም አይጠራጠረውም፤ የማይሠራበት ቀን ሲመጣም ምልክት አይሰጥም። የእኛ ሥዕሎችም ጥፋት አለባቸው። ሰሌዳ ላይ የምንሥለው ጉበት በቀጥታ መስመሮች የተከፋፈለ ሣጥን ነው፤ በሰው ሆድ ውስጥ ያለው ቀኙ የፖርታል ቅርንጫፍ ግን ወደ ላይ አዘንብሎ ስለሚሄድ «ወለል» ያልነው ነገር ሜዳ ሳይሆን ተዳፋት ነው፤ የጉበቱ ቅርጽም ከሰው ሰው ይለያያል።

በሚቀጥለው የትምህርት ቀን አምስቱን ሬዚደንቶች ሰብስቤ፣ ሪፖርቱን ሳላሳያቸው ምስሉን ብቻ ከፈትኩላቸውና የሊዥኑን ቦታ ሳይነጋገሩ በቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ አደረግሁ። ሁለቱ 6 ብለው ጻፉ፤ አንዱ የሪፖርቱ ባለቤት ስለነበር ሪፖርቱን እንደጻፈ ጸና። አንዲቷ 7፣ አንዱ ደግሞ 8 አሉ። አምስተኛዋ ቁጥር ሳትጠቅስ «የቀኙ ክንፍ የኋለኛ ክፍል» ብላ አስረከበች፤ ጓደኞቿም ሳቁባት። እኔ ግን ከ7 ቀጥሎ ትክክለኛው መልስ የእርሷ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጉበትን በቀኝ ፊተኛ፣ በቀኝ ኋለኛ፣ በግራ መካከለኛና በግራ ጎናዊ ክፍል መጥራት እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪዝበን ስምምነት የተደረሰበት አጠራር ነው፤ እርግጠኛ ሆነን የምንቆምበት ሰፊ ስም ደግሞ በድፍረት ከተጻፈ ጠባብ ቁጥር ይሻላል። በእርሷ መልስ የተመራ የአልትራሳውንድ ሐኪም ላይኛውንም ታችኛውንም ይፈትሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሊዥኑን ትተን ጤናማ ጉበት ከፈትን። ይህ ለእኔም አዲስ ነበር፤ ለዓመታት ሳስተምር የነበረው በሽታ ባለበት ምስል ላይ ነበርና። ዓይን እባጩን ካየ በኋላ ሌላ ነገር ማየት ይከብደዋል። በጤናማው ጉበት ላይ መዳፊቱን ይዘው ከላይ ጀመሩ፤ ከድያፍራሙ ሥር ሦስቱ ደም መልሶች ወደ ቬና ካቫ ሲገጥሙ ልክ የዶሮ እግር መስለው ይታያሉ፣ ሦስት ጣት ከአንድ ቁርጭምጭሚት። እያንዳንዱን ጣት ይዘው እስኪጠፋ ድረስ ወደ ታች ተከተሉት። ቀጥሎም ከታች ተነሥተው ፖርታሉን እንደ ዛፍ ግንድ ይዘው ወጡ፤ ቀኙ ቅርንጫፍ ወደ ፊተኛና ኋለኛ ሲከፈል፣ ኋለኛው ደግሞ አንዱን ወደ ላይ ወደ 7፣ ሌላውን ወደ ታች ወደ 6 ሲልክ በዓይናቸው አዩ። ከዚህ በኋላ ጠቋሚውን ባዶ ቦታ ላይ አስቀምጬ «ይህ የት ነው?» ስላቸው መልሱ «7» ብቻ ከሆነ አልቀበልም፤ «ከቀኙ ደም መልስ በስተኋላ፣ ከመከፈያው በላይ፣ ስለዚህ 7» መባል አለበት። በጠረፍ ላይ ያለ ነጥብ ሲገጥማቸው ደግሞ ወደ ነጥቡ የሚገባውን የፖርታል ቅርንጫፍ ይዘው እስከ ግንዱ ይወርዳሉ፤ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚበላ ካወቁ የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

የቦታው ነገር በዚህ መልክ ከተያዘ በኋላ፣ የባሰውን ጥፋት ያደረሰው ቁጥሩ ሳይሆን «ዳር ዳሩ የሚደምቅ» የሚለው ሐረግ መሆኑ ገና አልገባኝም ነበር። የገባኝ ከሌላ ባልደረባ የሰማሁትን አንድ ልምምድ ስንሞክር ነው። ሁለት ሬዚደንቶች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ምስሉን እያየ ይናገራል፣ ሌላው ምስሉን ሳያይ የሰማውን በእርሳስ ይሥላል። ተናጋሪው የበሽታ ስም መጥራት አይፈቀድለትም፤ ሠዓሊውም መጠየቅ አይፈቀድለትም። የሪፖርቱ ባለቤት ተናጋሪ ሆኖ ያንኑ ሊዥን ከፈተ። «ክብ ነው፣ 2.3 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከጉበቱ የጠቆረ ነው፣ ዳር ዳሩ ይደምቃል» አላት። እርሷም ጥቁር ክብ ሣለችና በጠርዙ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ እዚህም እዚያም ወፋፍራም ነጭ ጉብታዎች አስቀመጠች፤ በጉብታዎቹ መካከልም ክፍተት ተወች። ማንም ራዲዮሎጂስት ሥዕሉን ቢያይ ሄማንጂዮማ ነው የሚለው። ከዚያም ዞራ ስክሪኑን አየች። በምስሉ ላይ ያለው በቀጭን ብዕር እንደተሠመረ፣ የትም ሳይቋረጥ ሊዥኑን የከበበ አንድ ወጥ መስመር ነበር። «አንተ፣ ይኼ እኮ ቀለበት ነው! ምነው ቀለበት ነው አትለኝም ነበር?» አለችው። እርሱም ወረቀቱንና ስክሪኑን እያፈራረቀ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሄማንጂዮማ በመጀመሪያው ምዕራፍ በጠርዙ ላይ የተቆራረጡ ጉብታዎች ያሳያል፤ የጉብታዎቹም ድምቀት በየምዕራፉ ከአኦርታውና ከሌሎች የደም ሥሮች ድምቀት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ጊዜ በሰጠነው መጠንም ከዳር ወደ መሐል እየሞላ ይመጣል። በፖርታል ምዕራፍ ላይ የሚታይ ቀጭን፣ ወጥና ያልተቋረጠ ቀለበት ግን ካፕሱል፣ ማለትም ዕጢን የከበበ ሽፋን፣ ሊሆን ይችላል፤ ካፕሱል ደግሞ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ባለበት ሰው ላይ ሲታይ የጉበት ካንሰርን ያስጠረጥራል። ሬዚደንቱ ዓይኑ ያየው ቀለበቱን ነው፤ እጁ የጻፈው ሁለቱንም የሚያሟላ ቃል ነው፤ አእምሮው ደግሞ ከቃሉ ተነሥቶ ቀለል ያለውን በሽታ መረጠ። በጥያቄ ወረቀቱ ጥግ ላይ «ሄፓታይተስ ቢ» ተብሎ መጻፉን ማናችንም አላነበብነውም ነበር፤ ብናነበው ኖሮ «ሄማንጂዮማ» የሚለው ቃል በአንድ ምዕራፍ ምስል ላይ ተመሥርቶ ባልተጻፈ ነበር።

ታካሚው ተጠርቶ የባለ ብዙ ምዕራፍ ሲቲ ተነሣ። በ35 ሰከንድ ገደማ በተነሣው የደም ቅዳ ምዕራፍ ሊዥኑ ጠርዙ ብቻ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ከጉበቱ በልጦ ደመቀ፤ በፖርታሉ ምዕራፍ ቀለበቱ ዳግመኛ ታየ፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ በተነሣው የዘገየ ምዕራፍ ደግሞ ውስጡ ከጉበቱ ይበልጥ ጠቆረ። የዚህ ምክንያት ከደም አቅርቦት ጋር የተያያዘ ነው፤ ጤናማው ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያገኘው ከፖርታል ደም መልስ ሲሆን ይህ ዓይነቱ ካንሰር ግን በዋናነት ከደም ቅዳ ስለሚመገብ ቀድሞ ይደምቃል፣ ጉበቱ ሲደምቅም እርሱ ይፈዝዛል። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውና በየጊዜው ያሻሻለው ሊራድስ የተባለው መመደቢያ ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ ከፍተኛ ተጋላጭነት ባለው አዋቂ ሰው ላይ፣ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በደም ቅዳ ምዕራፍ ከጠርዝ አልፎ የሚደምቅና በኋላ የሚፈዝዝ ወይም ካፕሱል ያለው ሊዥን ምድቡ 5 ነው፤ ይህም ያለ ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና ሳይወሰድ) እንደተረጋገጠ የጉበት ካንሰር ይቆጠራል። ሬዚደንቶቹ ይህን መመደቢያ ከወደዱት በኋላ ለሁሉም ታካሚ ሊጠቀሙበት ሲሞክሩ ማስቆም ነበረብኝ፤ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ)፣ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ወይም የጉበት ካንሰር ታሪክ በሌለበት ሰው ላይ አይሠራም።

አልትራሳውንዱን የሠራው ባልደረባ ሲቲውን አይቶ እንደገና ሞከረ። ሴግመንት 7 ለአልትራሳውንድ አስቸጋሪ ቦታ ነው፤ ከድያፍራሙ ሥር ተደብቆ ስለሚቀመጥ የሳንባ አየር ይሸፍነዋል። ታካሚውን በግራ ጎኑ አስተኝቶ፣ ትንፋሹን በጥልቅ ስቦ እንዲይዝ አድርጎ፣ ፕሮቡን በጎድን አጥንቶቹ መካከል ወደ ላይ አዘንብሎ ሲያየው ሊዥኑ ብቅ አለ። «ከላይ ነው ብላችሁኝ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ እንዲህ ነበር የማስተኛው» አለ፤ መልስ አልነበረኝም። የሴግመንት ቁጥር ለቀዶ ሐኪሙ ብቻ የሚጻፍ የሚመስላቸው ሬዚደንቶች ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲሰሙት ክፍል ውስጥ ራሱ እንዲናገረው ጋበዝኩት።

ጉዳዩ በክፍላችን ሲነገር ባለ ሳጥን የሪፖርት ቅጽ ይዘጋጅ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ሴግመንቱ፣ መጠኑ፣ ጠርዙ፣ የእያንዳንዱ ምዕራፍ ድምቀት በየሳጥኑ እንዲሞላ። ቅጹ ተዘጋጅቷል፣ ነገር እንዳይረሳም ይረዳል፤ የጀርባው ጉበት ሁኔታና የቀድሞ ምስል ንጽጽር ከዚያ ወዲህ ሳይጻፍ ቀርቶ አላየሁም። ይሁን እንጂ ቅጹ ቢኖር ኖሮ ያ ሬዚደንት «6» የሚለውን ሳጥን ያለ አንዳች ሐሳብ ይመርጥ እንደነበር አልጠራጠርም። ስለዚህ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ቁጥሩን ከመረጠ በኋላ «ምክንያቱም» ብሎ በደም ሥሮቹ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ፣ «ይደምቃል» ካለም በየትኛው ምዕራፍ፣ ከምን ጋር ሲነጻጸርና በምን ቅርጽ የሚለውን እንዲጨምር አደረግን። ሪፖርቱ ይረዝማል ብለው ያጉረመረሙ አሉ። ይረዝማል፤ እኔም ስፈርም ጊዜ ይወስድብኛል፤ ነገር ግን አንድን ሬዚደንት የት ጋ እንደተሳሳተ ሳልጠይቀው የማውቀው በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

ታካሚው በጋራ የሕክምና ጉባኤ ላይ ቀርቦ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ተወሰነ፤ የተወገደው ዕጢም በፓቶሎጂ ምርመራ የጉበት ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። በሪፖርቱና በስልክ ጥሪው መካከል ያለፉት ሳምንታት በዕጢው ላይ ያመጡት ለውጥ አልነበረም፤ በሁለተኛው ሲቲም መጠኑ ያው 2.3 ነበር። ይህ ዕድል እንጂ የእኛ ሥራ ውጤት አይደለም።

ከወራት በኋላ ያው ሬዚደንት የሌላ ታካሚ ሪፖርት ለፊርማ አመጣልኝ። ሊዥኑ የቀኙ የጉበት ደም መልስ እየቀጠነ በሚጠፋበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነበር፤ በዚያ ላይ ታካሚው በቀጥታ ወደ ቬና ካቫ የሚፈስ ተጨማሪ የታችኛው ቀኝ ደም መልስ ነበረው፤ ይህም በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚገኝና ጠረፉን የሚያደናግር ነገር ነው። እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «በሴግመንት 5 እና 6 ጠረፍ ላይ። ቀኙ የጉበት ደም መልስ በዚህ ከፍታ ስለማይለይ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አልተቻለም፤ ተጨማሪው ደም መልስ ከሊዥኑ በስተኋላ 8 ሚሊ ሜትር ርቆ ያልፋል።» ምስሉን ከፍቼ ደም መልሱን ከላይ እስከ ታች ተከተልኩት፤ እኔም ልለየው አልቻልኩም። አንድም ቃል ሳልነካ ፈረምኩበት።